ከጥሞና ደብተር እስከ ቤት ኅብረት

የጠዋት ጥሞና፣ ብቻ ሆኖ ቃሉን የማንበቢያና የመጸለያው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ማታ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ሲነካካ ያመሸ ሰው ጠዋት የሚያንሰው እንቅልፍ ነው፤ እሱ ግን "በመንፈስ ቀዝቅዣለሁ" ብሎ ራሱን ይከስሳል። ከዚያ ትልቅ ውሳኔ ይወስናል፦ ከነገ ጀምሮ በቀን አሥር ምዕራፍ፣ ሁለት ሰዓት ጸሎት። ሦስት ቀን ይሄድለታል። በአራተኛው ቀን እንግዳ ይመጣል ወይም ራስ ምታት ይነሣበታል፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል። በጌታ ማደግ የሚፈልግ ምዕመን ፍላጎት ሞልቶታል፤ የጎደለው ፍላጎቱን በክፉ ቀን ጭምር የሚሸከም ትንሽ ሥርዓት ነው።

ሌላው ጉድለት ብዙም አይወራለትም። ጥሞናውና ኅብረቱ አይተዋወቁም። ጠዋት ያነበበው ቃል ረቡዕ ማታ በቤት ኅብረቱ፣ ቤት ውስጥ ለቃልና ለጸሎት በሚሰበሰበው ትንሽ ቡድን፣ ላይ አይነሣም፤ ረቡዕ ማታ የሰማው የወንድሙ ጭንቀት ሐሙስ ጠዋት ጸሎቱ ውስጥ አይገባም። ብቻውን የሚያነብ ሰው ቀስ በቀስ ራሱ የሚፈልገውን ብቻ ከቃሉ ውስጥ ማግኘት ይጀምራል። በኅብረት ብቻ የሚኖረው ደግሞ ሌሎች በጸለዩት ጸሎት፣ ሌሎች ባነበቡት ቃል ዓመታት ያልፉበታል። ሁለቱን የሚያገናኘው ነገር በጣም ተራ ነው፤ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ። ወደ እሱ እንመጣለን።

ሰዓቱና ቦታው

ለጀማሪ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥና "ጌታ ሆይ፣ ዓይኖቼን ክፈት" ብሎ መለመን፣ አሥር ደቂቃ ማንበብና መጻፍ፣ የቀረውን መጸለይ። ይህ ለብዙዎች ያንሳል፤ ማነሱ ግን ጥቅሙ ነው። በጣም የተጨናነቀ ቀን ላይ እንኳ ሊገኝ የሚችል መጠን መሆን አለበት። ሁለት ወር ሳይቋረጥ ከሄደ በኋላ ራሱ እየሰፋ ይመጣል፤ የሚሰፋውም አብዛኛውን ጊዜ በጸሎቱ በኩል ነው።

ጠዋት ይሻላል የሚባለው ቀኑ ገና ስላልነካን ነው እንጂ ሕግ ስለሆነ አይደለም። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ መዝሙረኛው ማታና ጠዋት በቀትርም ይላል። ሌሊት ሲሠራ የሚያድር ወይም ሕፃን የምታጠባ እናት "ማለዳ" በሚለው ቃል ራሳቸውን ሊያስጨንቁ አይገባም። የሚረዳው ጥሞናን ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ማያያዝ ነው፦ ፊት ከታጠቡ በኋላ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ከሥራ ገብቶ ልብስ ከተቀየረ በኋላ። "ሲመቸኝ" የተባለ ሰዓት አይመጣም።

ቦታው አንድና ያው ይሁን፤ አልጋ ግን አይሁን። መጽሐፍ ቅዱሱ፣ ደብተሩና እስክሪብቶው ማታውኑ እዚያ ይቀመጡ፤ የሚነበበው ክፍልም ማታውኑ ይታወቅ። ጠዋት ተነሥቶ "ዛሬ ምን ላንብብ?" ማለት የጀመረ ሰው ከ20 ደቂቃው አምስቱን በመገላበጥ ያጠፋል፤ መጨረሻ ላይ የሚያነበው ደግሞ የለመደውን መዝሙር ነው። በስልክ ማንበብ ኃጢአት የለበትም፤ ነገር ግን በዚያው ስክሪን ላይ የሚመጣ አንድ መልእክት ብቻ አእምሮን ይዞ ይሄዳል። በስልክ የሚያነብ ኢንተርኔቱን ያጥፋው። ከተቻለ ግን የታተመው ይሻላል፤ ገጹ ላይ የት ቦታ እንዳነበቡት ዓይን ያስታውሳል።

ምን ይነበብ፣ እንዴት ይነበብ

በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ 1,189 ምዕራፎች አሉ። በዓመት መጨረስ የሚፈልግ ሰው ስድስቱን ቀን ሦስት ሦስት፣ እሑድ አምስት ምዕራፍ ቢያነብ በ52 ሳምንት ይደርሳል፤ እንዲያውም ትንሽ ይተርፈዋል። አዲስ ኪዳን ብቻ ከሆነ 260 ምዕራፍ ነው፤ ይህም በሳምንት አምስት ምዕራፍ ማለት ነውና በየሳምንቱ ሁለት ባዶ ቀን ይተርፋል። ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም እነዚያ ሁለት ቀናት ያመለጠው የሚያዝባቸው ናቸው። ባዶ ቀን የሌለው ዕቅድ አንድ ቀን ሲዛነፍ ሁሉም ይዛነፋል።

ከዘፍጥረት ጀምረው በቅደም ተከተል የሚሄዱ ሰዎች የሚቆሙበት ቦታ ይታወቃል። ዘፍጥረት ታሪክ ስለሆነ ይሮጣል፤ የዘፀአት የመጀመሪያ አጋማሽም እንዲሁ። ምዕራፍ 25 ላይ የእስራኤል ማምለኪያ ድንኳን ልክ፣ ክንድና መጋረጃው ሲጀምር ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ዘሌዋውያን ላይ ይቆማል። መፍትሔው መዝለል አይመስለንም። ዘፀአት 25 ከመጀመሩ በፊት ከዕብራውያን መልእክት 8፣ 9 እና 10ን ማንበብ ነው። ድንኳኑ፣ ሊቀ ካህኑና ደሙ ወዴት እንደሚያመለክቱ ቀድሞ ያወቀ ሰው የመጋረጃውን ልክ በትዕግሥት ያነባል።

ፈጽሞ አዲስ የሆነ አማኝ ከማርቆስ ወንጌል ቢጀምር ጥሩ ነው። 16 ምዕራፍ ነው፤ በቀን 15 ቁጥር ያህል ቢነበብ ወር ተኩል ገደማ ይወስዳል። ቀጥሎ ፊልጵስዩስና ያዕቆብ፣ ከዚያ ዘፍጥረት፤ ጎን ለጎን በየቀኑ አንድ መዝሙር። ፊልጵስዩስን ግን በትንሽ በትንሹ ከመከፋፈል በፊት በአንድ ቁጭታ ማንበብ ያስፈልጋል። ደብዳቤ ነው፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ድምፅ አውጥተው ቢያነቡት ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

መጽሐፉን ዝም ብሎ ከፍቶ ጣት ያረፈበትን "የዛሬ ቃሌ" ማለት ግን መተው ያለበት ልማድ ነው። አልፎ አልፎ እግዚአብሔር በምሕረቱ በዚያም ሊናገር ይችላል፤ እንደ ዘዴ ሲያዝ ግን የሰውየውን ስሜት ከማጽደቅ አያልፍም።

የተመረጠው ክፍል ሦስት ጊዜ ይነበብ፦ አንዴ በዝምታ፣ አንዴ በድምፅ፣ አንዴ እስክሪብቶ ተይዞ። በድምፅ ማንበቡ እንደ ትርፍ ነገር ይታያል፤ ዓይን የሚዘልለውን ቃል የሚይዘው ግን ምላስ ነው። ከዚያ ደብተሩ ላይ አምስት ነገር ይሰፍራል፦ ቀንና ጥቅስ፤ ክፍሉ የሚለው በራስ አባባል፣ ሁለት ሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር፤ ያልገባኝ ጥያቄ፤ ዛሬ የማደርገው፤ ወደ ኅብረት የምወስደው አንድ መስመር። ገጹ ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ማርቆስ 1፥35–39ን እንውሰድ። ደብተሩ ላይ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "ማታውን ከተማው ሁሉ ደጁ ላይ ነበር (ቁ. 33)። ኢየሱስ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ብቻውን ጸለየ። ስምዖንና አብረውት የነበሩት አገኙትና ሁሉ ይፈልጉሃል አሉት፤ እሱ ወደ ሌሎች መንደሮች እንሂድ አለ።" ጥያቄው፦ "ሁሉ ሲፈልገው ለምን ትቶ ሄደ?" መልሱ ሩቅ አይደለም፣ ቁጥር 38 ላይ አለ፤ የመጣው ሊሰብክ ነው። ይህን ክፍል አንብበው "እንግዲህ ሌሊት መነሣት አለብኝ" ብቻ ብለው የሚዘጉት ብዙዎች ናቸው። ክፍሉ ግን ከሰዓቱ ይልቅ ከጸሎቱ በኋላ የሆነውን ያሳያል፤ ሕዝቡም ደቀ መዛሙርቱም የሚፈልጉትን ጥሩ ነገር ኢየሱስ አልተቀበለም፤ የተላከበትን ያውቅ ነበርና።

አሁን "ዛሬ የማደርገው" የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ደካማው አጻጻፍ "ከእንግዲህ ብዙ እጸልያለሁ" ነው። ይህን ማታ ላይ ተደረገ ወይም አልተደረገም ብሎ መመርመር አይቻልም። ጠንካራው እንዲህ ነው፦ "ያ ሰው ለጠየቀኝ ተጨማሪ አገልግሎት ዛሬ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት 'አልችልም' ብዬ እመልሳለሁ፤ ከመመለሴ በፊት አምስት ደቂቃ እጸልይበታለሁ።" ሰው አለበት፣ ሰዓት አለበት፣ ድርጊት አለበት። ወደ ኅብረት የሚወሰደው መስመር ደግሞ "መልካም ነገርን እምቢ ማለት መቼ ነው ታማኝነት የሚሆነው?" ሊሆን ይችላል።

ዐውድን የመፈተሽ ልማድ እዚሁ ይጀመር። በግድግዳ ላይ ተጽፈው የሚሰቀሉ ጥቅሶች በብዛት የሚጣመሙ ናቸው። "ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ" (ፊል 4፥13) ለፈተናና ለንግድ ሲጠቀስ ይሰማል፤ ከላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ግን የሚናገሩት ስለ መራብና ስለ መጥገብ፣ ስለ መብዛትና ስለ መጉደል ነው። ጳውሎስ የሚችለው በጎደለው ጊዜም መኖርን ነው። ኤርምያስ 29፥11 ላይ ያለው የሰላም አሳብ ደግሞ ከሰባ ዓመት ምርኮ በኋላ የሚፈጸም መሆኑን ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር ይናገራል። አንድ ቁጥር ከመያዛችሁ በፊት ቢያንስ ሙሉውን ምዕራፍ አንብቡ፤ ማን ለማን እየተናገረ እንደሆነም ለዩ። ይህን ያልለየ ሰው በኅብረቱ ውስጥ አንድ "እስቲ ከላይ ያለውን እንየው" የሚል ወንድም ወይም እህት ያስፈልገዋል። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን እየመረመሩ ነበር የሚቀበሉት (ሐዋ 17፥11)፤ እነሱ ደግሞ አንድ ሰው አልነበሩም።

ጸሎቱ

ጸሎት ከንባቡ ይቀጥል እንጂ አዲስ ጉዳይ ሆኖ አይጀመር። ያነበቡትን ወደ እግዚአብሔር መልሶ መናገር በቂ መነሻ ነው። ከዚያ ስም ይገባል። አርባ ስም በየቀኑ መጥራት ወደ ስም ጥሪ ስለሚለወጥ ደብተሩ መጨረሻ ላይ ሰባት ገጽ ይከፈል፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ፣ በየገጹ አምስት ስድስት ስም። ቤተሰብ በየቀኑ ሊጠራ ይችላል፤ ሌላው በተራው ይድረስ። በግራ በኩል የጸሎቱ ርዕስ ከነቀኑ፣ በቀኝ በኩል መልሱ ከነቀኑ። "ባርከው" የሚል ርዕስ መልሱ መቼ እንደመጣ አይታወቅም፤ "ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ" የሚለው ግን ይታወቃል። የቀኝ ዓምድ ባዶ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ "አይሆንም" የሚል መልስም እዚያው ይጻፍ።

ለሰው ምን እንደምንጸልይ ሲጠፋን የጳውሎስን ጸሎቶች መዋስ ነው፦ ፊልጵስዩስ 1፥9–11፣ ቆላስይስ 1፥9–12፣ ኤፌሶን 3፥14–19። "እናንተ" በሚለው ቦታ የሰውየውን ስም ማስገባት ብቻ ነው። የፊልጵስዩሱን ልብ ብላችሁ እዩት፤ በእስር ሆኖ የጻፈው ነው፣ በዚያ ጸሎት ውስጥ ግን ስለ ሰንሰለቱ አንድም ቃል የለም። ፍቅራቸው በእውቀት እየበዛ እንዲሄድ ነው የለመነው። የእኛ የጸሎት ርዕሶች ከበሽታ፣ ከሥራና ከጉዞ አልወጣ ሲሉ እነዚህ ጸሎቶች ሚዛኑን ያስተካክላሉ።

አሳብ ሲበተን መቆጣት አይጠቅምም። ጎን ላይ ብጣሽ ወረቀት አስቀምጡና የመጣውን ጉዳይ በሁለት ቃል ጽፋችሁ ተመለሱ፤ የሚመላለሰው እንዳይረሳ ተፈርቶ ነውና ሲጻፍ ይተዋል። ደጋግሞ የሚመጣው ነገር ጭንቀት ከሆነ ግን ራሱ የጸሎት ርዕስ ነው። እንቅልፍ የሚያሸንፈው ቆሞ ወይም እየተራመደ፣ ድምፅ እያሰማ ይጸልይ። ተንበርክኮ፣ ግንባርን አልጋ ላይ አስደግፎ የሚጀመር ጸሎት የት እንደሚያልቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ልብ ሲደርቅ፣ ቃሉ ወረቀት ብቻ ሆኖ ሲታይ፣ መዝሙር 13 መንገድ ይሰጣል። አጭር ነው። መጀመሪያ "እስከ መቼ" እያለ አራት ጊዜ ያማርራል፤ ቀጥሎ ይለምናል፤ መጨረሻ ላይ በቸርነትህ ታመንሁ ይላል። ሦስቱንም በራስ ቃል መጻፍ ይቻላል፤ የመጨረሻው ካልወጣ የመዝሙረኛውን ቃል እንዳለ መገልበጥ ይበቃል። (በኅብረት ስትጠቅሱ ተጠንቀቁ፤ የግሪኩን አቆጣጠር የሚከተሉ እትሞች ከመዝሙር 10 በኋላ በአብዛኛው በአንድ ቁጥር ወደ ኋላ ይላሉ፤ መዝሙር 23 በእነሱ 22 ነው። ግማሹ ሰው ሌላ መዝሙር ከፍቶ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።) ድርቀቱ ወራት ከዘለቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቀ፣ ከጸሎት ጋር ሐኪም ማየት የእምነት ጉድለት ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ያመለጠ ቀን እንደ ዕዳ አይያዝ። አምስት ቀን የዘለለ ሰው አምስቱን ቀን ሊከፍል ሲነሣ በስድስተኛውም ይዘላል። ቀኑን ባዶ ትቶ የዛሬውን ማንበብ ነው።

ስለ ጾም አንድ ነገር ብቻ፦ ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በሰዓቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጹም፤ ከምግብ ሌላ የሚተው ነገር ሞልቷል። ጥቅስ በቃል መያዝም በሳምንት አንድ ይበቃል፤ የሚጠፋው በማጥናት ማነስ ሳይሆን ባለመከለስ ስለሆነ የተያዘው ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ተመልሶ ይባል።

ቤት ኅብረቱ

ሐዋርያት ሥራ 2፥42 አራት ነገር ይቆጥራል፤ የሐዋርያት ትምህርት፣ ኅብረት፣ እንጀራ መቁረስና ጸሎት። የብዙ ቤት ኅብረት መርሐ ግብር ሲታይ ትምህርቱ ሦስት አራተኛውን ይወስዳል፤ ጸሎቱ "ጊዜ ስለሌለን አንድ ሰው ይዝጋልን" በሚለው ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ይህ የስንፍና ጉዳይ ሆኖ አይደለም፤ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ስምንት ሰዎች አምስት አምስት ደቂቃ ቢካፈሉ 40 ደቂቃ ይሆናል፤ አሥራ አምስት ሲሆኑ ደግሞ 75። ስለዚህ ከስድስት እስከ አሥር ሰው ተስማሚ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሲያልፍ ሰው መናገሩን ትቶ ማዳመጥ ይጀምራል።

ለ90 ደቂቃ የሚሆን አከፋፈል፦ አሥር ደቂቃ መዝሙርና መክፈቻ፣ አሥር ደቂቃ የደብተር ዙር፣ ሠላሳ ደቂቃ ቃል፣ ሃያ ደቂቃ መካፈል፣ ሃያ ደቂቃ ጸሎት። ጸሎቱ እንዳይበላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በየሁለት ሳምንቱ ከጸሎት መጀመር ነው። ሌላው በጸሎት ሰዓት ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር ሦስት ሦስት ሆኖ መከፈል ነው፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይጸልያል፣ ለሁሉም ይጸለይለታል። የተወሰነው ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ብቻ ቢገኝም ይጀመር። የሚረፍዱትን መጠበቅ በሰዓቱ የሚመጡትን ማርፈድ ያስተምራቸዋል።

የደብተር ዙሩ ከላይ የተባለው አምስተኛው መስመር የሚወጣበት ነው። እያንዳንዱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በሳምንቱ ካነበበው አንድ ነገር ወይም አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ስብከት የለም፤ ማስረጃ ጥቅስ መደርደርም የለም። ያላነበበ ሰው "ይለፈኝ" ይላል፣ ማንም ለምን አይለውም። የዚህ ጥቅሙ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ሰው ረቡዕ የሚናገረው እንዳለ ሲያውቅ ሰኞ ጠዋት በሌላ ልብ ያነባል፤ መሪውም ሰዎቹ በትክክል የት እንዳሉ ያውቃል። የሁሉም ጥያቄ ተመሳሳይ አቅጣጫ ሲይዝ ለሚቀጥለው ወር ምን መጠናት እንዳለበት ግልጽ ይሆናል።

የቃሉን ክፍል የሚመራ ሰው ጥያቄ ማዘጋጀት አለበት፤ አምስት ይበቃሉ። "ኢየሱስ ጸለየ ወይስ አልጸለየም?" የሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ቃል ነው። "ይህ ለሕይወትህ ምን ይላል?" የሚለው ደግሞ ገና ክፍሉ ሳይታይ ከመጣ ሁሉም የለመደውን ይናገራል። "ቁጥር 37 ላይ ስምዖን ምን ይጠብቅ ነበር? ቁጥር 38 ላይ ያገኘው መልስ ከጠበቀው በምን ይለያል?" የሚለው ዓይንን ወደ ገጹ ይመልሳል። ከጥያቄ በኋላ የሚመጣው ዝምታ መሪን ያስፈራዋል፤ ራሱ መልሶ ይሞላዋል። አይሙላው። በልቡ እስከ አሥር ይቁጠር። ሰው የሚያስበው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ብዙ የሚናገረው ሰው ከመሪው ፊት ለፊት ሳይሆን አጠገቡ ይቀመጥ፤ ዓይን ለዓይን ካልተገናኙ የመናገር ግብዣው ይቀንሳል። "እስቲ እስካሁን ያልተናገሩትን እንስማ" ማለትም ይረዳል። ካልሆነ ከኅብረቱ ውጪ በግል ይነገረው፤ በጉባኤ ፊት መቁረጥ ያሳፍረዋል። ዝምተኛዋን እህት ደግሞ ድንገት "አንቺስ?" ማለት ያስደነግጣታል። አንድ ቀን ቀድሞ ደውሎ "ነገ ይህችን ጥያቄ አንቺ ብትጀምሪልን" ማለት ይሻላል።

በመካፈል ሰዓት ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ምክር ነው። ሰው ሸክሙን ተናግሮ ሳይጨርስ አራት ሰው መፍትሔ ይደረድራል፤ ያ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት "ደህና ነኝ" ብሎ ያልፋል። ካልተጠየቀ በቀር ምክር እንደማይሰጥ በመጀመሪያው ቀን ይነገር፤ ሰምቶ መጸለይ ይበቃል። ሁለተኛው የጸሎት ርዕስ ለብሶ የሚመጣ ሐሜት ነው፦ "ለእህት እገሊት እንጸልይላት፣ ትዳሯ እኮ..."። እዚያ ላይ መሪው ቶሎ ማቆም አለበት። የሌለ ሰው ጉዳይ የሚነሣው እሱ ራሱ ከፈቀደ ብቻ ነው። በኅብረቱ የተነገረ እዚያው ይቀራል፤ በቴሌግራም ቡድንም ሆነ ለትዳር ጓደኛ አይተላለፍም። ለዚህ ወሰን አለው፤ ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው፣ የሚደበደብ ሰው፣ የሚጎዳ ሕፃን ሲኖር ምስጢር አይጠበቅም፣ እርዳታ ይጠራል። ይህም አስቀድሞ ይነገር።

የተቸገረ ወንድም ሲኖር "በደህና ሂድ" ብሎ ከመሸኘት ያዕቆብ (2፥15–16) ከልክሎናል። ገንዘብ ሲሰበሰብ በአንድ ሰው በኩል፣ ማን ስንት እንዳወጣ ሳይነገር ይሁን፤ ስጦታ ይባል እንጂ ብድር አይባል። በአባላት መካከል ያለ ያልተከፈለ ብድር ሰውን ከኅብረት ያስቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ የሚቀረው ተበዳሪው ነው።

"ጌታ እንዲህ ይለኛል" ተብሎ ስለ ሰው ትዳር፣ ሥራ ወይም ጉዞ ሲነገር 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20–21 ሁለቱንም ይይዛል፤ ትንቢትን አለመናቅና ሁሉን መፈተን። በተግባር ሲታይ የተነገረው ከነቀኑ ይጻፍ፣ ሽማግሌዎች ይስሙት፣ በእሱ ብቻ ውሳኔ አይወሰን። በግል ጠርቶ "ለማንም እንዳትነግሪ" የሚል መልእክት ገና ከአነጋገሩ መጠርጠር ያለበት ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ

በስምንት ሰው ፊት የማይነገር ነገር አለ። ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ ሲል ለዚያ የሚሆን ጠባብ ቦታ ያስፈልጋል፤ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ በሳምንት ለግማሽ ሰዓት። በአካል ካልተመቸ በስልክም ይሆናል። እዚህ ትልቁ እንቅፋት ሰላምታችን ነው። "እንዴት ሰነበትክ?" "እግዚአብሔር ይመስገን።" ውይይቱ አለቀ። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ቀድመው ይታወቁ፣ በየሳምንቱም እነዚያው ይጠየቁ፦ ምን አነበብክ፣ ምን አልገባህም? አደርጋለሁ ብለህ የጻፍከውን አደረግህ? ባለፈው የነገርከኝ ፈተና በዚህ ሳምንት እንዴት ነበር፣ በየትኛው ሰዓትና ቦታ ላይ መጣ? ያስቀየምከው ወይም ያስቀየመህ ሰው አለ? ከነገርከኝ ውስጥ ያስቀረኸው አለ?

የመጨረሻው ከባዱ ነው፤ እሱን መተው ግን የቀሩትን ያላላል። ጠያቂው የገላትያ 6፥1ን ቃል ይዞ ይግባ፤ በየውሃት ማቅናት፣ እየጠየቁ ራስንም መጠበቅ። ሰው ውድቀቱን ሲናገር የመጀመሪያው ምላሽ ጸሎት ይሁን፤ "ለምን?" የሚለው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሰዓቱንና ቦታውን መጠየቁ ደግሞ ለወሬ አይደለም። ፈተናው ሁልጊዜ ማታ፣ ብቻውን፣ ስልክ ይዞ ከሆነ የሚመጣው፣ መፍትሔው ከስልኩ ማደሪያ ይጀምራል፤ ከሳሎን ይደር። ሱስ የያዘው ሰው ግን ከጓደኛ ጥያቄ በላይ ያስፈልገዋልና ባለሙያ ይፈለግለት፤ ጓደኛው አብሮት ይሂድ።

ይህ ሁሉ የእሑዱን ጉባኤ አይተካም። ጥምቀትና የጌታ እራት፣ ተግሣጽና የሽማግሌዎች ጥበቃ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነገሮች ናቸው፤ ከእሱ ተነጥሎ የሚያድግ ቤት ኅብረት ቆይቶ የአንድ ሰው ደጋፊዎች ስብስብ ሲሆን ይታያል። ማያያዣው ቀላል ነው። እሑድ የተሰበከበትን ክፍል ሰኞ ጠዋት በጥሞና ደግሞ ማንበብ፤ ስብከቱን ሳይሆን ክፍሉን።

ኅብረቱ ከአሥራ ሁለት ሲያልፍ ይከፈላል። የሚከፈልበት ቀን ከመድረሱ ሦስት ወር ያህል ቀድሞ ሁለተኛ መሪ ይታወቅ፤ በመጀመሪያው ወር ይመልከት፣ በሁለተኛው ጸሎቱንና ዙሩን ይምራ፣ በሦስተኛው ቃሉን። ሁለት ሦስት ሆነው የሚጸልዩትን አትለያዩ፤ ወደ አዲሱ አብረው ይሂዱ።

ሁለት ሳምንት ተከታትሎ የቀረ ሰው በሁለተኛው ሳምንት በዚያው ማታ ይደወልለት። አብሮት የሚጸልየው ይደውል፤ መሪው ሲደውል ምርመራ ይመስላል። "ለምን ቀረህ?" አይባል። "ዛሬ ማርቆስ 2ን አነበብን፣ ቁጥር 9 ላይ ያለው ጥያቄ አልገባንም፣ አንተስ ምን ታያለህ?" ማለት ይቻላል። ካላነሣ አጭር መልእክት ይተውለት፣ በማግስቱ ይደገም፤ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሆነው ቤቱ ይሂዱ። ሲሄዱ ደብተራቸውን ይያዙ፤ የእሱ ስም ያለበት ገጽ ላይ በግራ ዓምድ የተጻፈውን አንብበውለት ከዚያ የተለወጠ ካለ ይጠይቁት፣ አዲሱን ርዕስ ከነቀኑ ጽፈው እዚያው ይጸልዩለት።